ማታ ማታ ዶሮ የሚቆጥርልኝ ሰው ፈልጌ ነው

አንቺዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጽሕፈቴን ስታዪ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው» እንደምትዪ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ፈልጌ ነው። ግን ቆዪኝ፣ እደርስበታለሁ። ዝምታዬ የቅያሜ አልነበረም፤ ያ ጉዳይ ከኔ ሆድ ከወጣ ቆይቷል፣ ካንቺም ወጥቶ ከሆነ። መጀመሪያ ዛሬ ነገ እያልኩ ነበር፣ ኋላ ግን «ይኼን ያህል ጠፍቼ በምን ፊቴ» ማለት መጣ፤ እፍረቱ ራሱ ሌላ ዝምታ ወለደ። ይቅር በዪኝ። አለቀ። ይቅርታ ላይ ብዙ እንደማልቆይ ታውቂያለሽ፣ አንቺም ኩርፊያ ላይ ብዙ እንደምትቆዪ አውቃለሁ፤ ይኼን አንብበሽ እስክትጨርሺ ጨርሺው።

ቤቱ ሁሉ ደህና ነው። ወገቤ ያው ነው። የቀረውን ስንገናኝ። ዛሬ የማወራሽ ስለ ዶሮ ነው፣ ሳትስቂ አንብቢ።

ገብስማዋን ጭልፊት በላብኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም፤ ስወጣ ሣሩ ላይ የተነጨ ላባና ከሷ የተረፈው ብቻ። አሁንማ ላባ አይቼ ገዳይ እለያለሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ላባው አንድ ቦታ ላይ ተነጭቶ ተከምሮ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ጭልፊት ነው፤ እዚያው ነጭቶ እዚያው ይበላል። እዚህም እዚያም ጥቂት ላባ ተንጠባጥቦ ዶሮዋ ጭራሽ ከሌለች ቀበሮ ወይም መሰሉ ተሸክሟት ሄዷል። ብዙ ዶሮ ሞቶ፣ ሳይበላ እንዲሁ ተዘርሮ ከተገኘ ውሻ ነው ብለሽ ጠርጥሪ፤ እሱ የሚገድለው ለጨዋታ ነው። ይኼን ይኼን ሳጠና አመሻለሁ፤ መርማሪ ሆኜልሻለሁ።

አለቀስኩ ደግሞ። ያኔ እናንተ ቤት ሁሉም ሲያለቅስ ዓይኔ ደርቆ የቀረው እኔ፣ ለገብስማ ዶሮ ተንሰቀሰቅኩ። ይኼን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም፣ እለፊው።

ከዚያ በኋላ ያልመከረኝ ሰው የለም። ግማሹ «ዝጊባቸው» ይላል፣ ግማሹ «ዶሮ አይደለች እንዴ፣ ምን ያስለቅስሻል» ይላል። አንዷ ጎረቤት «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ብላ ተረተችብኝ። ገብስማዋ ስትጭር ነበር የተያዘችው፤ ተረቱ እንኳ ልክ ሆኖ መጣላት፣ መልስ አጣሁላት።

ዘጋሁባቸው። ለጊዜው ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ አንዴ የቀናው ጭልፊት ወደዚያው ቦታ ይመለሳል፣ ደጋግሞ መጥቶ ባዶ እጁን ካልሄደ ተስፋ አይቆርጥም። የኔውም ዛፉ ላይ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። «ለምን አታስገድዪውም» ያለኝም አለ። በብዙ አገር በሕግ የተጠበቀ ወፍ ነው፤ ባይሆንም እሱ ሲሄድ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ሰማዩ የነሱ ነው፤ እኔ ማስተካከል የምችለው ከታች ያለውን ነው።

ግን ዶሮ ሲዘጋባት አይተሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ሽቦውን ተከትለው ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመሩ። ቀጥሎ ወሰራዋ የቀይዋን የጀርባ ላባ ትነጭ ጀመር። ሌሎቹም ደም ሲያዩ ተከተሏት። እህሉን ሞልቼላቸዋለሁ፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ የጎደለ የለም ብዬ ነበር። ለካ ዶሮ የምትጭረው ርቧት ብቻ አይደለም። ጠግባም ቢሆን የቀኗን አብዛኛውን ሰዓት ስትጭርና ስትለቅም ነው የምታሳልፈው። መሬቱ ራቁቱን ከሆነና የምትጭረው ካጣች ምንቃሯ ጎረቤቷ ላይ ያርፋል። አፈር ውስጥ መንከባለሉንም ስከለክላቸው ቅማሉና ቁንጫው ሊመጣ ነው። ከጭልፊት አዳንኳቸው ስል እርስ በርሳቸው ሊጨራረሱብኝ።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ይኼ ነው፦ ሌሊት ላይ ድርድር የለም፣ ቀን ላይ ግን እደራደራለሁ።

ሌሊቱን ላስረዳሽ፣ ኋላ ስለሚያስፈልግሽ (ለምን እንደሚያስፈልግሽ ቆይ)። ዶሮ ከመሸ አታይም ማለት ይቻላል፤ ቆጧ ላይ ወጥታ ዝም ነው፣ የመጣ ሁሉ እንደ በሰለ ፍሬ ይለቅማታል። ስለዚህ ቤቱን ከሥር ጀምሬ አደስኩት። ያ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ለካ ዶሮዋ እንዳትወጣ ነው እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም፤ ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል። አውጥቼ ጣልኩትና በብየዳ የተያያዘውን፣ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጠንካራ ወንፊት አደረግሁበት። የአየር መግቢያዎቹንም በሱ ሸፈንኩ እንጂ አልደፈንኩም፤ አየር ካልተንቀሳቀሰ ከኩሳቸው የሚወጣው አሞኒያ ሳምባቸውን ይጎዳዋል። ሸለምጥማጥን የመሰለ ቀጭን አውሬ ጭንቅላቱ ካለፈለት ገላውም ያልፍለታል። የማይገባው ደግሞ እጁን ሰዶ የተጠጋችውን ዶሮ በእግሯ ይጎትታል፤ ስለዚህ ቆጡን ከግድግዳው ሽቦ አራቅሁት።

ከሥር ለሚቆፍረው ደግሞ ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፌ መሬት ላይ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር አነጠፍኩት፣ ድንጋይም ጫንኩበት። ቆፋሪ የሚጀምረው ግድግዳው ሥር ነው፤ ሽቦ ሲያገኝ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መጀመርን አያስብም። ይኼን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ብልጥ የሚባሉት ሁሉ ለካ ይኼን ያህል ነው ብልጠታቸው። መቀርቀሪያው ሁለት ነው፣ አንዱ በመንጠቆ የሚቆለፍ። የእህሉ ዕቃ ማታ ማታ ይነሳል፤ የተረፈ ጥሬ አይጥ ይጠራል፣ አይጥ እባብ ይጠራል።

ቀኑ ነው ከባዱ። ጠዋት አልለቃቸውም። አብዛኞቹ የሚጥሉት እስከ እኩለ ቀን ስለሆነ እንቁላላቸውን ጥለው እስኪጨርሱ በሽቦው ግቢ ይቆያሉ፤ ያለዚያ ቁጥቋጦ ሥር ጎጆ ይሠሩና ጭር ስትል አንዷ እዚያው ታቅፋ ታድራለች። የምለቃቸው ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ነው። በዚያ ሰዓት ሩቅ አይሄዱም፣ ሲመሽም ማንም ሳይነዳቸው ወደ ቆጣቸው ይመለሳሉ። እኔም ውጭ እቀመጣለሁ። ሰው ባለበት ጭልፊት ይፈራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም፣ ይኼንንም ዕወቂው።

ሣሩን ደግሞ ማጨድ ተውኩ። ድሮ የሚያምረኝ ሰፊ፣ የታጨደ፣ ገላጣ ሣር ላይ ነጭና ቀይ ዶሮ ፈሰስ ብሎ ሲታይ ነበር። ለነሱ ግን ገላጣ ማለት ስጋት ነው። የዶሮ ዘር ከጫካ ዳር የወጣ ወፍ ነው፤ ጥላ ሥር፣ ቅጠል ሥር መሆን ይወዳል። ቁጥቋጦ ተከልኩ፣ እስኪያድግ ድረስ ያንን የተሰበረ ጠረጴዛ (አዎ፣ እሱን) መሐል ላይ አቆምኩላቸው። ከየትም ይሁኑ በሁለት ሩጫ የሚገቡበት ሥር እንዲኖራቸው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ «ነፃነታቸው» እያልኩ ሳወራ ግማሹ ለራሴ ዓይን ነበር።

አውራውን ደግሞ ብታዪው! በየሌሊቱ ይጮኻል ብዬ ልሰጠው ነበር። አሁን ዘበኛዬ ነው። ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ አለው፤ ከሰማይ የሚመጣ ሲያይ አንዲት ረዘም ያለች ቀጭን ጩኸት ያወጣል፣ ሴቶቹ ወዲያው ጠረጴዛው ሥር ናቸው ወይም ካሉበት ይለጠፋሉ። በእግሩ የሚመጣ ሲያይ ግን የተቆራረጠ ካካታ ነው፤ ያኔ አይለጠፉም፣ አንገታቸውን አስግገው ዙሪያቸውን ያያሉ። በድምፁ ብቻ ወደ ላይ ልይ ወደ አጥሩ ልይ አውቃለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ አውራ ዶሮ ብቻውን ሲሆን የሰማዩን ጩኸት ብዙም አይጮኸውም፣ ዶሮዎቹ አጠገቡ ሲሆኑ ነው የሚበረታው። ማንን እንዳስታወሰኝ አልናገርም፣ አንቺም ስሙን እንዳትጠሪብኝ።

እና ይኼ ሁሉ ተደርጎም አንዷን አንድ ቀን አጣ ይሆናል። ይኼን አውቄ ነው የምለቃቸው። ጭካኔ ነው ትያለሽ? እኔ ላባዋ ከተነጨችው ቀይ ጎን ቆሜ ሳየው አይመስለኝም፤ ገብስማዋን ሳስታውስ ደግሞ እጄ በሩ ላይ ይቀራል። ካንቺ ጋር ብንጨቃጨቅበት ደስ ይለኝ ነበር።

እሺ፣ አሁን ጉዳዩ። እህቴ ጋ መሄድ አለብኝ፤ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ምን ያህል እንደምቆይ እንጃ። እዚህ ያሉት ሁሉ «እንጠብቅልሻለን» ይላሉ፣ ግን ወይ እስክመለስ ድረስ ይዘጉባቸዋል ወይ ቀኑን ሙሉ ለቀው ይረሷቸዋል። በራሱ የሚዘጋ በር አለ፣ ሲጨልም የሚወርድ። አስቤበት ነበር። እሱ ግን ይዘጋል እንጂ አይቆጥርም፤ ውጭ የቀረችውን ውጭ ያስቀርና ይዘጋል። የምትቀር ደግሞ አለችኝ፤ ሁሉ ገብቶ፣ ሁሉ ቆጥ ላይ ወጥቶ፣ እሷ በመጨረሻው ብርሃን አንዲት ጥሬ ለማንሳት የምትንቀዋለል። ባንቺ ስም ነው የምጠራት። ተቆጪ፣ ግን ስታዪያት ትስማሚያለሽ።

እና… ትመጪልኛለሽ? ማታ ማታ በፋኖስ ገብተሽ ቆጡን ብትቆጥሪልኝ ይበቃኛል፣ ሌላው ሥራ የለውም። ሳልጠይቅሽ ብሄድ እዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም። አልችልም ካልሽም አልቀየምም፤ ቢያንስ ጻፊልኝ፣ በዚህኛውም ዝም እንዳትዪኝ።

ውሻሽን ግን ይዘሽ እንዳትመጪ። እወደዋለሁ፣ ታውቂያለሽ፤ ያሳደገሽው ልጅ ነው፣ ዝንብ አይነካም ትይኛለሽ። ዝንብ የለኝም፣ ያለኝ ዶሮ ነው። ለማን ትተሽው እንደምትመጪ ከወዲሁ አስቢበት።

ያው ያንቺው