አባባ፣ ፎርሙን አቤል ራሱ ይሙላው

ይድረስ ለአባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል፤ ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታስቃለች።

የአቤልን የዲፓርትመንት ምርጫ «ኮምፒውተር ሳይንስ ይግባና ነገሩ ይቋጭ» ማለትዎን ሰማሁ። ምን እንዲህ እንዳስቸኮለዎት አልጠይቅም። ልጁ የሚፈልገው ሲሙሌሽንና ፕሮባቢሊቲ ሞዴሊንግ (ዕድል ያለበትን ነገር በሒሳብ ማስላትና በኮምፒውተር ማስመሰል) ከሆነ ግን የሚመረጠው የዲፓርትመንት ስም ታይቶ ሳይሆን ካሪኩለሙ ተገልጦ ነው።

ለምሳሌ ክሊኒክ ለክትትል የሚቀመጡበትን ወረፋ ይውሰዱት። በሰዓት በአማካይ 9 ሰው ይመጣል፤ ሐኪሙ 10 ሰው ማየት ይችላል እንበል። የሚበቃ ይመስላል። ሰው ግን በእኩል ልዩነት አይመጣም፤ አንዱ በ3 ደቂቃ ይወጣል፣ ሌላው 20 ይፈጃል። በተለመደው የወረፋ ቀመር አንድ ሰው ተራው እስኪደርስ በአማካይ 54 ደቂቃ ይጠብቃል። የሐኪሙ አቅም 12 ቢሆን 15 ደቂቃ ብቻ። እንዲህ ያለውን የሚያስተምረው ፕሮባቢሊቲ ነው። በእውነተኛው ክሊኒክ ደግሞ ሁሉም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ካርድ ይጠፋል፣ ሐኪሙ ለድንገተኛ ይጠራል። ቀመሩ ይህን ሁሉ ስለማይችለው ቀኑን ኮምፒውተር ላይ ደጋግሞ ማስኬድ ይመጣል፤ ሲሙሌሽን ማለት ይኸው ነው።

(ኢንሱሊኑን ከበረዶ ቤቱ አጠገብ አያስቀምጡት። አንዴ በረዶ ከሠራ ይጣላል፤ ቢሟሟም አይወጉት።)

አቤል ካሪኩለሙን ሲያይ ቅደም ተከተሉን ይመርምር። ካልኩለስና ሊኒያር አልጀብራ፣ ቀጥሎ ፕሮባቢሊቲ፣ ከዚያ ማቲማቲካል ስታትስቲክስና ስቶካስቲክ ፕሮሰስ (እንደ ወረፋ በጊዜ ውስጥ በዕድል የሚለዋወጥ ነገር ጥናት)፣ ሲሙሌሽን ከነዚህ ሁሉ በኋላ። ፕሮግራሚንግ ከመጀመሪያው ጎን ለጎን ይሂድ፤ ፓይተን ወይም አር ከሚባሉት የኮምፒውተር ቋንቋዎች አንዱ ይበቃዋል። ከዚያ የሲሙሌሽኑን ኮርስ ዝርዝር ያውጣ። ራንደም ቁጥር እንዴት እንደሚመነጭ፣ መረጃን ከትክክለኛው ዲስትሪቢዩሽን (የዕድል ስርጭት) ጋር ማዛመድ፣ የማሟሟቂያውን ጊዜ (ወረፋው ገና ባዶ ሆኖ የሚጀምርበትን) ከውጤቱ ማስወጣት፣ ሞዴሉን ከእውነታው ጋር ማመሳከር ካልተጻፈበት ኮርሱ ሶፍትዌር መነካካት ብቻ ነው። እንዲህ የተማረ ልጅ ሥዕሉን አሳምሮ ይስላል፣ አንዴ አስኪዶ የወጣውን ቁጥር እንደ እውነት ይዞ ይመጣል። የዕድል ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ሙከራው 4 እጥፍ፣ አንድ ተጨማሪ አሃዝ ለማጥራት 100 እጥፍ መሆን እንዳለበት የነገረው የለም። የላብ ሰዓት ከሌለው፣ ፈተናውም በወረቀት ብቻ ከሆነ ይለፈው።

ኮምፒውተር ሳይንስ ኮድ ያስተምረዋል፤ ፕሮባቢሊቲው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ኮርስ ያልቃል። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ወረፋ፣ ክምችትና ኦፕሬሽንስ ሪሰርች (ሥራን በሒሳብ የማቀላጠፍ ትምህርት) ስላለው መጥፎ አይደለም። እኔን ከጠየቁኝ ስታትስቲክስ ይግባ፤ ኮዱን በራሱ ማሟላት ይቻላል፣ ሒሳቡን በራስ ማሟላት ግን ከባድ ነው። ምደባው በምርጫም በውጤትም ስለሆነ የመጀመሪያ ዓመት የማቲማቲክስ ውጤቱን አደራ።

ስታትስቲክስ ሲባል «የቤት ቆጠራ ልትሄጂ ነው?» ብለው የሳቁት ትዝ ይለኛል። የእኔን ፎርም ማን እንደሞላው ሁለታችንም እናውቃለን። ከደሞዝዎ ቀንሰው እንዳስተማሩኝ አልረሳሁም። ግን አባባ፣ ያን ቀን እስክሪብቶውን ከእጄ ባይወስዱት ምን ነበረበት?

አቤል ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት የኮምፒውተር ሳይንስንና የስታትስቲክስን ካሪኩለም ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ። የማክሰኞውን የኩላሊት ምርመራ ውጤት ግን ራስዎ ደውለው ይንገሩኝ፤ በአቤል በኩል አይሁን።

ልጅዎ