ወገብህን አታጣድፈው

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ በደወለች ቁጥር «በላህ ወይ?» ነው የምትልህ። የእኔ ጉዳይ ደግሞ ወገብህ ነው። በስልክ ብነግርህ «እሺ አባዬ፣ እሺ» ብለህ እንደምትዘጋው አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

በቴሌግራም የላክልንን ቪዲዮ አየነው። እግርህን ሶፋው ሥር አስገብተህ፣ እጅህን ማጅራትህ ላይ አቆላልፈህ፣ በአንድ ደቂቃ 52 ሲት አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ መነሳት። እናትህ «አቤት ጉልበት!» አለች። እኔ ግን ደነገጥኩ። የሠራኸው ልክ እኔ እንዳስተማርኩህ ነዋ!

29 ዓመት ሙሉ የስፖርት መምህር ሆኜ ስንቱን ልጅ ሜዳ ላይ አስተኝቻለሁ። አንዱ የጓደኛውን ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ እኔ ፊሽካዬን እነፋለሁ። «ፍጠን! ፍጠኚ!» ብዙ የቆጠረ ብዙ ማርክ ያገኛል። ልጄ ስለሆንክ ደግሞ ባንተ ላይ ጩኸቴ ይብስ ነበር። ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር። አንተ ያለህበት የአሜሪካ ጦር እንኳ፣ በፈረንጅ ከ1980 ጀምሮ ወታደሩን በ2 ደቂቃ ሲት አፕ ሲፈትን ኖሮ፣ በ2022 ነው በፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ በመቆየት፣ የተካው።

እኔ የባነንኩት አምና ነው። ውኃ በፈረቃ የመጣችው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነበር። ከአልጋ ብድግ ብዬ ጀሪካኑን ላነሳ ጎንበስ ስል ወገቤ እዚያው ቀረ። ቀና ማለት አቃተኝ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፤ ታሸሁ፣ ባሰብኝ። ቆይቶ ነው ፊዚዮቴራፒ የጀመርኩት። ሐኪሟ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። ሕመሙ ቀለል ሲልልኝ «አባባ፣ ስፖርት እንዴት ነው የሚሠሩት?» አለችኝ። በኩራት ተኝቼ ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ «ይተዉት፣ ይተዉት!» ብላ ያዘችኝ።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ስትፈጥን የሚያነሳህ ጡንቻህ ሳይሆን ግፊቱ ነው። ስትወርድ ደግሞ ትወድቃለህ እንጂ አትወርድም፤ መሬቱ ይቀበልሃል። እግርህ ሶፋ ሥር ሲታሰርማ ዋናው ጎታች ሆድህ መሆኑ ይቀራል። ከጭንህ ተነስቶ ታችኛው አከርካሪህ ላይ የተሰካ ጡንቻ አለ፤ እሱ ሥራውን ይወስደዋል። ሲጎትት ደግሞ አከርካሪህን አብሮ ነው የሚጎትተው።

የጀሪካኑንም ምስጢር የነገረችኝ እሷ ናት። ተኝተን ስናድር በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ዲስኮች ውኃ ይመጥጣሉ። ጠዋት ከማታው በ1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምንረዝመው ለዚህ ነው። በዚያ ሰዓት ወገብን ማጠፍ ዲስኩን ከሌላው ጊዜ የበለጠ ያስጨንቀዋል። አንተም ከአልጋህ ወርደህ በቀጥታ ወለሉ ላይ አትዘርጋ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ ስትገባም መጀመሪያ ትንሽ ተራመድ።

አሁን በሲት አፑ ፋንታ በሲኒ ወደምትሠራው እንቅስቃሴ ልምጣ። ዳዴ እንደሚል ሕፃን በእጅህና በጉልበትህ ሁን። እጅህ ከትከሻህ ሥር፣ ጉልበትህ ከዳሌህ ሥር። ወገብህ ላይ ባዶ ሲኒ አስቀምጥ። ከዚያ ቀኝ እጅህን ወደፊት፣ ግራ እግርህን ወደኋላ ዘርጋ። እግርህ ከጀርባህ ከፍታ አይለፍ፤ ሽቅብ ከተወነጨፈ ወገብህ ይሰረጉዳል፣ ሲኒውም ይነግርሃል። እስከ 10 ቁጠር፣ በዝግታ መልስ፣ በሌላው ጎን ድገም። በርድ ዶግ ይሉታል፤ ዩቲዩብ ላይ ታገኘዋለህ። ካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ስለ አከርካሪ ሲመራመሩ የኖሩት ፕሮፌሰር ስቱዋርት ማክጊል በጣም ከሚያዘወትሯቸው ሦስት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ብዛቱንም በየዙሩ መቀነስ ነው፦ 6፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2። እኔ ተማሪዎቼን በየዙሩ እጨምርባቸው ነበር! ሰው ሲደክመው እኮ ነው አሠራሩ የሚበላሸው።

ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ሽማግሌዎቹን አስተውለሃቸዋል? በዝግታ ተንበርክከው፣ እጃቸውን መሬት አስይዘው፣ ግንባራቸውን አስነክተው ይነሳሉ። እኛ ደግሞ መሬት ላይ እየተወረወርን «ሦስት መቶ ሰገድኩ» እንባባል ነበር። በነጋታው ማን ሲያነክስ እንደሚውል ታውቀዋለህ።

ሌላው በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን አጥፈህ የምትሠራው ነው። የመቀመጫህን ጡንቻ አጥብቀህ ዳሌህን አንሳ፤ ወገብህን አታጉብጥ። ስትወጣ 3 ቁጠር፣ ላይ 3 ቆይ፣ ስትወርድ 4። መውረጃውን ነው ሰው የሚሰርቀው። የጭንህ ጀርባ ከተሸማቀቀብህ ተረከዝህን ወደ መቀመጫህ ጠጋ አድርግ። በጎንህ ተጋድመህ ዳሌህን የምታነሳበትን የጎን ፕላንክ መጀመሪያ በክርንህና በጉልበትህ ሞክረው፤ እግርህን መዘርጋቱ ይደርሳል።

ሲት አፑን ጨርሶ አልተውም ካልክ አንድ እግርህን አጥፈህ አንዱን ዘርጋ፣ መዳፎችህን ከወገብህ ሥር አስገባ፣ ጭንቅላትህንና ትከሻህን ብቻ ከመሬት ላቀቅ አድርግ። በቃ ይኸው ነው። ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ 10 ሰከንድ ያዘውና ትነግረኛለህ። ትንፋሽህን ግን እንዳታፍን። እየያዝክ ማውራት ካቃተህ አፍነሃል ማለት ነው። እኔ ለዚህ መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ።

ወደ እግርህ የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከተሰማህ አቁምና ታይ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተህማ ለነገ ሳትል የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂድ።

ቀጣዩን ቪዲዮ ከጎን አስቀርጸህ ላክልኝ፤ ወገብህ ይታየኝ። እኔ እስካሁን ሁለት ሲኒ ሰብሬያለሁ። እናትህ ረከቦቱ አጠገብ እንዳልደርስ ስለከለከለችኝ አሁን የምሠራው በላስቲክ ኩባያ ነው።

አባትህ