መጋዘን ከመግባትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እማዬስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዲቪ ቪዛህ መመታቱን ሰምተን በጣም ደስ ብሎናል።

እዚህ አሜሪካ ስትገባ የመጀመሪያ ሥራህ ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ የሚልክህ የመጋዘን ወይም የፋብሪካ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ሥራው ባልከፋ፤ አደጋው ግን አዲስ ሰው ላይ ይበረታል። ኤጀንሲው «ድርጅቱ ያሳየዋል» ይላል፣ ድርጅቱ «ኤጀንሲው አስተምሮ ልኮታል» ይላል፣ ልጁ ሳይማር ማሽን ፊት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ21 ዓመት ጊዜያዊ ሠራተኛ በገባበት ቀን፣ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ላይ ዕቃ የሚደረድር ማሽን ሥር የተሰበረ ጠርሙስ ሲያጸዳ ማሽኑ ተነስቶ ገደለው። በሕግ ኤጀንሲውም ድርጅቱም በጋራ ኃላፊ ናቸው።

አደራህን፣ ማሽን ስለቆመ ብቻ ጠፍቷል ብለህ እጅህን አታስገባ። ኮንቬየር፣ ማለትም ዕቃ በቀበቶ የሚያጓጉዝ ማሽን፣ ላይ ካርቶን ሲቀረቀር ቀበቶውን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ሴንሰር፣ ማለትም ዕቃ መኖሩን በጨረር የሚለይ መሣሪያ፣ ነው። ካርቶኑን ስትነቅለው የሴንሰሩ ጨረር ይከፈትና እጅህ ውስጡ እንዳለ ቀበቶው ይነሳል። ከወዲያኛው ጫፍ ያለ ሰውም አንተን ሳያይ ሊያስነሳው ይችላል። ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ መጫን ብቻውን አይበቃም። የሠለጠነ ሰው ማሽኑን ያጠፋል፣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ ያወርዳል፣ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበትና መክፈቻውን ኪሱ ይከታል፣ የታመቀውን አየር ያስተነፍሳል፣ በመጨረሻም ማስነሻውን ተጭኖ እንደማይነሳ ያረጋግጣል። አየሩን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ መብራቱ ከተቆረጠ በኋላም የማሽኑን ክንድ ያስፈነጥረዋል። ይህን ሳትማር «ግባና ንቀለው» ብትባል፣ «አልሠለጠንኩም» በል። ፎርክሊፍትም (ዕቃ በሹካው የሚያነሳው መኪና) እንደዚሁ ነው፤ ሠልጥነህና ተፈትነህ ካልሆነ አትንካው።

የእኛ ሰው በይሉኝታ ያልገባውንም «እሺ» ይላል። እዚህ እሺ ካልክ ገብቶታል ተብሎ ይታለፋል። በሚገባህ ቋንቋ ማሠልጠን ግዴታቸው ስለሆነ ደጋግመህ ጠይቅ።

በእዚህ አገር በጋ፣ ማለትም እናንተ ጋ ክረምት ሲሆን፣ ኮንቴይነር ማራገፍ ከደረሰህ ሙቀቱን አትናቀው። ኦሻ የሚባለው የመንግሥት የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ሙቀት ከሚገድላቸው ሠራተኞች ከ70 በመቶ በላይ የሚሞቱት ሥራ በጀመሩበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ሰውነት እስኪለምድ አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ውስጥ የሚሠራው ከመደበኛው የሥራ ጊዜ 20 በመቶ እንዳያልፍ፣ ከዚያ በየቀኑ 20 በመቶ እየተጨመረለት እንዲሄድ ይመከራል። በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ጠጣ። ጾመ ፍልሰታ ከዚሁ ሙቀት ጋር ስለሚገጥም፣ ውሃ ሳትቀምስ የምትውል ከሆነ ንስሐ አባትህን ቀድመህ አማክር።

ብትጎዳ፣ ትንሽም ብትሆን፣ በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘሩም ለኤጀንሲውም በጽሑፍ አሳውቅ። ስለ ደኅንነት ስለጠየቅህ ቢያባርሩህ ለኦሻ የምታመለክተው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ካለፈ ይዘጋል።

መነጽሩንና የራስ ቁሩን አሠሪው በነጻ ይሰጥሃል። አፍንጫው ብረት የሆነው ጫማ ግን ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው፤ የእግርህን ቁጥር ላክልኝና ቀድሜ እገዛዋለሁ። እማዬን ሳምልኝ።

ወንድምህ