ችግኙ ደረሰ፤ መደቡ ግን ከመሬት አልተነሳም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ አትክልት በየሰፈሩ ተስፋፍቷል። ችግኝ ሲታደል ግን ጎንበስ ማለት የማይችል ሰው፣ በዊልቸር የሚሄድም ሆነ ጉልበቱን የሚያመው፣ አይታሰብም። ከታሰበም የሚሠራለት በብሎኬት የተደፈነ ከፍ ያለ ሣጥን ነው። የዊልቸሩ እግር ማሳረፊያ ከብሎኬቱ ጋር ይጋጫል፤ ሰውየው በጎን ተጠግቶ ወገቡን እያጣመመ ይሠራና ሲዝል ይተወዋል።

የሚያስፈልገው ጠረጴዛ ነው፦ ሥሩ ክፍት ሆኖ ጉልበት የሚያስገባ፣ ከወለል እስከ ሣጥኑ ታች 70 ሴ.ሜ. ገደማ፣ ስፋቱ በአንድ በኩል ብቻ የሚደረስበት ከሆነ ከ55 ያልበለጠ። የአፈሩ ጥልቀት 15 ሴ.ሜ. ለሰላጣና ለቆስጣ ይበቃል። ከዚያ ሲጨመር ጠርዙ ወደ ደረት ይወጣል፣ ክንድም ተንጠልጥሎ ይደክማል። ካሮትና ቲማቲም ጥልቅ አፈር ስለሚፈልጉ እዚህ አይሆኑም። ዊልቸር ሁሉ ቁመቱ አንድ አይደለምና፣ በያጁ ብረት ከመቁረጡ በፊት ባለቤቱ በራሱ ወንበር ተቀምጦ የጉልበቱ ከፍታ ይለካ፤ 5 ሴ.ሜ. ይጨመርበት።

1 ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ሣጥን ውሃ ሲጠጣ ከ100 ኪሎ ያልፋል። እግሮቹ በአግዳሚ ብረት ይታሰሩ፤ አግዳሚው ግን ከኋላና ከጎን እንጂ ከፊት አይሁን። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሁለት ሦስት ከመደርደር በፊት ባለሙያ ይጠየቅ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የውሃው መውጫ ነው። ቀዳዳዎቹ በኋላው ጠርዝ በኩል፣ በየ15 ሴ.ሜ.፣ በትንሽ ጣት ውፍረት ይበሱ፤ ሣጥኑም ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብል። አለዚያ ውሃው ጭን ላይ ይንጠባጠባል፤ እግሩ ስሜት ለሌለው ሰው ደግሞ እርጥብ መቀመጫ ላይ መዋል ቁስል ያመጣል። ቀዳዳው በቁራጭ አጎበር ይሸፈን። ጠጠር መደልደል ክብደት ከመጨመርና ጥልቀቱን ከመሻማት በቀር ጥቅም የለውም።

ጥቁር መረሬ ብቻውን አይሞላ። ሲደርቅ ከሣጥኑ ግድግዳ ይላቀቅና ውሃው በስንጥቁ ቁልቁል ወርዶ ሥሩ ሳይጠጣ ይቀራል። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰበሰ ፍግና ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ይደባለቅ። ስስ አፈር ቶሎ ስለሚደርቅ በበጋ በየቀኑ ይጠጣ፤ ክዳኑ በምስማር የተበሳ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከጄሪካን ይሻላል። ቆስጣ የውጭ የውጩ ቅጠል ብቻ እየተቀነጠሰ መሃሉ ከተተወ፣ አንድ ጊዜ ተተክሎ ለወራት ይበላል።

ችግኝ የሚያድሉ ክፍሎችን የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ በምዝገባው ቅጽ ላይ፣ ከስምና ከቤት ቁጥር ቀጥሎ፣ «የጉልበት ከፍታ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር።