ጀልባውን ከመግዛትህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህ፣ እናትህስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አስራ አንድ ቀን ሆኖታል። ፖስታውን ስከፍት ለአራት ዓመታት ዝምታዬ ትወቅሰኛለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንተ ግን አንዲት የወቀሳ ቃል ሳታነሳ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል፣ «ለቤተሰቤ መዝናኛ ጀልባ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ልውሰድ? ሞተሩስ ምን ዓይነት ይሁን?» ብለህ ብቻ ጠየቅከኝ። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር፤ ደግነትህ አንገቴን አስደፋኝ።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ሳልነግርህ ወደ ጥያቄህ ልገባ አልችልም፤ ነገሩም አንድ ነው። ያን ሰባት ሜትር ተኩል ጀልባ ልገዛ ስዘጋጅ «ይህ ጀልባ ለልጆችህ ነው ወይስ ለአንተ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ተቀየምኩህ። ምቀኝነት መሰለኝ። ገዛሁት፤ በሁለተኛው ዓመት የፈራህልኝ ሁሉ ደረሰ። ልጽፍልህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር «ልክ ነበርክ» የሚለው ቃል እየተናነቀኝ ወረቀቱን መልሼ አስቀምጠው ነበር። ዛሬ ልበለው፦ ልክ ነበርክ። ይቅርታህን እለምናለሁ።

አሁን ሞተሩን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ውሃውን አስብ። ብዙ ሰው ከፈረስ ጉልበት ይጀምራል፤ እኔም ከዚያ ነበር የጀመርኩት። ሐይቁ ሰፊ እንደሆነና ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚያነሳ ጽፈህልኛል። በአውሮፓ ደንብ የተሠራ ጀልባ ከሆነ መሪው አጠገብ ወይም ከኋላው ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎበት ታገኛለህ፤ በላዩ «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» ወይም «ዲ» የሚል ፊደል አለ። «ዲ» ማዕበሉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ የተጠለለ ውሃ ነው። «ሲ» እስከ 2 ሜትር ማዕበል ላለበት ሐይቅና የባሕር ዳርቻ የተሠራ ነው። ለአንተ ሐይቅ ከ«ሲ» በታች አትውረድ። እዚያው ሰሌዳ ላይ የሚፈቀደው የሰው ብዛትና ክብደት ተጽፏል። ስድስት ሰው ይላል ብለህ ስድስት ሰው፣ ምሳ፣ የበረዶ ሳጥንና ሙሉ የነዳጅ ታንከር አትጫን። እናንተ አምስት ናችሁ፤ ሰባት የሚፈቅድ ፈልግ።

ቀጥሎ የጀልባውን ሆድ ተመልከት። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ቆሞ ሳለ እንደ ቤት ወለል የጸና ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ውሃውን በጥፊ እየመታ ስለሚሄድ የተሳፋሪውን ወገብ ያደቅቃል። ሆዱ እንደ ቪ ፊደል የሾለው ማዕበሉን ይሰነጥቃል፤ ቆሞ ሳለ ግን ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ጉልበትም ይፈልጋል። የሹለቱ ልክ ሆዱ ከአግድም መስመር ወደ ላይ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው፤ ከኋላ በኩል ከ20 ዲግሪ በላይ የሾሉት ለክፍት ባሕር የታሰቡ ናቸው። እኔ ለቤተሰብ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ያለውን እመርጣለሁ፦ ልጆች በአንድ ጎን ተሰብስበው ዓሣ ሲያዩ ብዙ አያጋድልም፣ ሲመለሱም አይደበድባቸውም።

እናትህ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ስለማውቅ ፖንቱን የሚባለውን፣ በሁለት ወይም በሦስት የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የተዘረጋውን ባለ አጥር መድረክ፣ ብዙ አሰብኩበት። በር አለው፤ ሰው እንደ ሰገነት ቀጥ ብሎ ይገባበታል፣ ልጅም በቀላሉ አይወድቅበትም። የምትወጡት ጠዋት ጠዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት እርሱን ግዛ እልህ ነበር። ነገር ግን ጎኑ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ ነፋሱ እንዳሻው ይገፋዋል፤ አጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ሲመጣም ፊቱ ውሃ ይወጋል። ስለዚህ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ፣ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ፊቱ ላይ መቀመጫ ያለው የቪ ሆድ ጀልባ ይሻልሃል። ለእናትህ ስትል ከኋላው ዝቅ ያለ መወጣጫና ጠንካራ መያዣ ያለውን ምረጥ። ፋይበርግላስ ይሁን አሉሚኒየም ብዙ አትጨነቅ፤ ፋይበርግላሱ ከብዶ ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ አሉሚኒየሙ ቀሎ ለመጎተት ይመቻል። ክብደቱን ስታሰላ ሞተሩን፣ ነዳጁንና ተጎታቹን ደምር፤ ድምሩን ከመኪናህ የመጎተት አቅም ጋር ሳታነጻጽር ቃል አትግባ።

ወደ ሞተሩ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ረጅም የምጽፍልህ ስለተጎዳሁበት ነው።

የእኔ ጀልባ ስተርንድራይቭ የሚባለው ዓይነት ነበር፦ ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፕሮፔለሩን፣ ማለትም ውሃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ፣ የያዘው እግር የኋላውን ግድግዳ ቀዶ ይወጣል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ከላዩ ሰፊ ፍራሽ ይዘረጋበታል። ነገር ግን እግሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ የጎማ ሽፋን አለ። ያ ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ውሃው በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው። የእኔ ተሰነጠቀ፤ ጀልባው ታስሮ ባለበት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ አደረ። ሌላም አለ፦ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከማስነሳትህ በፊት የአየር ማስወጫውን ቢያንስ አራት ደቂቃ ማሠራት ግድ ነው። ልጆች «እንሂድ! እንሂድ!» እያሉ ሲጮኹ አራት ደቂቃ ረጅም ነው፤ አንዱን ቀን የሚዘለው ሰው እኔም እሆን ነበር።

ልቤን የሰበረው ግን ይህ አይደለም። ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ያለበት ቀን ነበር። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዋኝታ ወደ መሰላሉ እየተመለሰች ነበር። ሞተሩን አላጠፋሁትም፤ ማርሹ ፎሌ ላይ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በማይዞርበት ቦታ ላይ፣ ነው ብዬ አምኛለሁ። ፍራሹ ከፍ ብሎ ስለሚጋርደኝ ከመሪው ሆኜ ውሃውን አላየውም። ባለቤቴ «አጥፋው!» ብላ ስትጮህ ቁልፉን አዞርኩ። ልጄ መሰላሉን ይዛ ወጣች፤ ምንም አልሆነችም። ማታ እግሩን ሳነሳው የፀጉሯ ቀይ ሪባን በፕሮፔለሩ እምብርት ላይ አራት ጊዜ ተጠምጥሞ አገኘሁት። የማርሹ እጀታ ከፎሌ በጥቂቱ ወደ ኋላ አዘንብሎ ኖሯል። ሪባኑን በቢላዋ ቆርጬ አወጣሁት፤ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ጀልባውን በወሩ ሸጥኩት።

ስለዚህ ማንኛውንም ዓይነት ሞተር ብትገዛ ሰው ውሃ ውስጥ ወይም መሰላል ላይ ሳለ ፎሌ አይበቃም፤ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም ይውጣ። የጭሱን መርዝም አትርሳ፤ ሞተር እየሠራ ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥለው የሚጫወቱ ልጆች ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊተነፍሱ ይችላሉ። በዚህ የሞቱ አሉ።

ለአንተ የምመርጥልህ ከኋላው ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ አውትቦርድ የሚሉትን፣ ባለ አራት ምት (ፒስተኑ በየአራት እንቅስቃሴው አንዴ ነዳጅ የሚያነድ) ሞተር ነው። ሆዱ ውስጥ ቦታ አይሻማም፤ መካኒክ ክዳኑን አንስቶ ሁሉንም በቆመበት ይነካል። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ጀልባው ሲታሰርም እግሩ ከውሃ ይወጣል። ሆንዳ ባለ አራት ምቱን አውትቦርድ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ዛሬ ያማሃም ሱዙኪም ሜርኩሪም ይሠሩታል። ርካሽ ያገኘህ መስሎህ በካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ ባለ ሁለት ምት (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚነድበትን) አትግዛ። ቀላልና ብርቱ መሆኑን አልክድም፤ ግን ከሚጠጣው ቤንዚን ሩብ ያህሉ ሳይነድ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ልጆችህ በሚዋኙበት ውሃ ላይም ዘይት ይንሳፈፋል።

ኤሌክትሪክ ብለህ ጠይቀሃል። ዝምታው ያስቀናል፤ ጭስ የለውም፣ ትንሽ ሐይቅ ላይ በዝግታ ለሚንሸራሸር ሰው ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። ችግሩ ክብደት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል፤ አንድ ኪሎ ሊቲየም ባትሪ ግን ከ0.2 እምብዛም አይበልጥም። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይሉን በማባከን ከቤንዚኑ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ልዩነቱን አይሞላውም። አምስት ሰው ጭኖ፣ ከነፋስ ጋር እየታገለ፣ በፍጥነት ሰፊ ሐይቅ ለሚያቋርጥ ጀልባ ገና አይበቃም። ፕሮፔለር የሌለውን፣ ውሃ ስቦ በኃይል የሚተፋውን ጄትም አንስተሃል። ኒውዚላንዳዊው ቢል ሃሚልተን ለአገሩ ጥልቀት የለሽ ወንዞች ያበጀው ነው፤ ለዋናተኛ ከፕሮፔለር ይሻላል። ሆኖም ሣር ያንቀዋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ከሁሉም በላይ የነዳጅ መስጫውን ስትለቅ መሪው አይታዘዝም። ደንግጦ የነዳጅ መስጫውን የሚለቅ ጀማሪ ቀጥ ብሎ ወደ ፈራው ነገር ይሄዳል።

ጉልበቱስ? የሚፈቀደው ከፍተኛ የሞተር ጉልበት ሰሌዳው ላይ ወይም በጀልባው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል፤ ከእርሱ አትለፍ፣ ከእርሱ ግማሽም አትግዛ። ጉልበት ያነሰው ጀልባ ሰው ሲሞላበት ከውሃው ላይ መንሸራተት ያቅተዋል፤ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ፊትህን ይጋርድሃል፣ ነዳጁንም ያለ ጥቅም ያቃጥላል። ከሚፈቀደው ከመቶ 80 እስከ 90 ያህሉ ጥሩ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር እስከ መጨረሻው ሲከፈት በሰዓት ወደ 38 ሊትር እንደሚጠጣ አስብና ታንከሩን በሦስት ክፈለው፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ።

ያገለገለ ከሆነ ሻጩን ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ለምነው፤ ብርዱን ይዞ ሲነሳ ነው ጤናው የሚታወቀው። እንደተነሳ በጎኑ ቀጭን የውሃ ጅረት ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት፤ ማቀዝቀዣው መሥራቱን የምታውቀው በእርሱ ነው። የታችኛውን ማርሽ ቤት ዘይት አስፈትተህ እይ፤ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ከዚያ ሞተሩን ከታች ይዘህ ወደ ላይ ግፋውና የጀልባውን የኋላ ግድግዳ ተመልከት፤ ከታጠፈ ወይም ከተንቀጠቀጠ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷልና ሂድ፣ ዋጋ እንኳን አትጠይቅ።

የሕይወት አድን ጃኬቱን ለልጆቹ በክብደታቸው ልክ ግዛ፤ ለትንሹ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ያለዚያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከራሱ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድም ከእጅህ ወይም ከቀበቶህ ጋር እሰረው። ነጂው ከወደቀ ጀልባው ባዶውን ዞሮ በሰዎች ላይ እንዳይመጣ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ያየኸውን ጀልባ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ገልብጠህ ላክልኝ፤ የሞተሩን የሥራ ሰዓትም ጨምርበት። ውሃ ላይ የምትሞክርበትን ቀን ስትቆርጥ አሳውቀኝ፤ እመጣለሁ። ልጄ አሁን አስራ ሁለት ሞልቷታል፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እኔስ?» ትለኛለች። አብረን እንመጣለን።

ለእናትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ