«በአንድ ጀምበር» የሚለው ቃል ለኪም ቴሪ አይስማማም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ደቡብ ኮሪያዊቷ የፊልም ተዋናይት ስለ ኪም ቴሪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ እርሷ በአማርኛ መጻፉ ደስ ቢያሰኘኝም፣ «በአንድ ጀምበር ኮከብ የሆነች» የሚለው አገላለጽ ከእውነቱ የራቀ ነው፤ እዚህ ጅማ በማስተባብረው የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ውስጥ ያስከተለውንም በዓይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ክበባችን ውስጥ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ልምምድ ባለ ቀን አግዳሚ ወንበሮቹን ከመማሪያ ክፍል ወደ አዳራሽ የምታጓጉዘው፣ መጋረጃውን የምትሰቅለው፣ ተዋናዮቹ ቃል ሲጠፋቸው ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክካ በሹክሹክታ የምታስታውሳቸው እርሷ ናት፤ የሁሉንም ድርሻ በቃሏ ታውቀዋለች። ጋዜጣውን ያመጣችልኝም እርሷው ነበረች። ከዓረፍተ ነገሩ ሥር በእስክሪብቶ አስምራ፣ «ቲቸር፣ ዕድል ያለው ሰውማ እንዲህ ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ስሰቅል ነው የከረምኩት» አለችኝና ክበቡን ለመልቀቅ ፈቃድ ጠየቀችኝ።

የጋዜጣው ጽሑፍ የዘለላቸው ዓመታት ግን ለዚህች ልጅ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጓት ናቸው። ኪም ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ሴኡል ውስጥ ተወልዳ ኪዩንግ ሂ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያጠናችው ጋዜጠኝነትና ተግባቦት ሲሆን፣ ሐሳቧም የቴሌቪዥን አቅራቢ መሆን እንጂ ትወና አልነበረም። ወደ መድረክ የሳባት የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ክበብ ነው፤ የእኛን የመሰለ ክበብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከተመረቀች በኋላ ትንንሽ ቴአትር ቤቶች ተጠጋግተው በሚገኙበት ዴሃንግኖ በተባለው የሴኡል ሰፈር ወደሚሠራ አንድ የቴአትር ቡድን ገባች። በዚያም ከመድረክ ጀርባ ባለው የጉልበት ሥራ ጀምራ፣ በጎን ካፌ ውስጥና በመሰል ጊዜያዊ ሥራዎች እየተዳደረች ዓመታት አሳለፈች። በዚሁ ጊዜ የተሳተፈችበት «ሙንየንግ» የተሰኘ አነስተኛ ፊልም ውስጥ፣ የማትናገርና የሰዎችን ፊት በትንሽ ካሜራ የምትቀርጽ ታዳጊ ሆና ትታያለች። ያለ ንግግር፣ በዓይንና በትከሻ ብቻ መተወን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልጆች ያሠለጠነ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳይሬክተሩ ፓርክ ቻን-ዉክ «ዘ ሃንድሜይደን» ለተባለው ፊልሙ አዲስ ፊት ሲፈልግ፣ ወደ 1,500 ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል የመረጣት እንግዲህ ይህን ሁሉ ካለፈች በኋላ ነው። ታሪኩ ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሚካሄድ ሲሆን፣ እርሷ የምትጫወታት ሱክሂ በሌቦች መካከል አድጋ አንዲትን ባለጸጋ ወይዘሪት ለማታለል ገረድ መስላ የምትገባ ልጅ ናት። ሱክሂ ለእመቤቷ የዋህ መስላ መታየት አለባት፤ ተመልካቹ ግን ተንኮሏን፣ ቆይቶም እያደር የሚበረታባትን ርኅራኄ ከዚያው ፊት ላይ ማንበብ አለበት። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ትወና ተመልካች ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ በትንሽ መድረክ ላይ በመመላለስ የሚገኝ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ለውድድር ሲቀርብ እርሷ 26 ዓመቷ ነበር፤ በዚያው ዓመት በአገሯ በብሉ ድራገን የፊልም ሽልማት ምርጥ አዲስ ተዋናይት ተባለች።

ፊልሙ ለአዋቂዎች የተሠራ በመሆኑ ለተማሪዎቼ አላሳየውም። ለእነርሱ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ሊትል ፎረስት» ነው። በዚህ ፊልም የመምህርነት ፈተና ወድቃ ከሴኡል ወደ ገጠር የእናቷ ቤት የተመለሰች ወጣት ሆና፣ ከጓሮዋ ያገኘችውን እያበሰለች አራቱን ወቅቶች ትኖራለች። ቀረጻውም በእውነት አራቱን ወቅቶች ተከትሎ የተካሄደ ነው። ከዝናዋ ማግሥት እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ሥራ መምረጧ አክብሮቴን ጨምሮታል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 ያሉትን ዓመታት የሚተርክ ሁለተኛ ጽሑፍ በዚያው ዓምድ አውጡልን። ተማሪዬን እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እንድትቆይ ለምኛት በጭንቅ እሺ ብላኛለች፤ ጽሑፉ ከወጣ አዳራሹ በር ላይ ባለው ሰሌዳ እለጥፈዋለሁ፣ ወንበር ተሸክማ ስትገባ ታነበዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጅማ