የምስጋና መልእክት፦ ላስታመሙኝ ሁሉ፣ ልቅሶ ላልደረስኩላቸውም ሁለት ታላላቆች

ከሰኔ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ሕመም ተይዤ ሞት አፋፍ ከደረስኩ በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን በእግሬ ወደ ቤቴ ለመግባት በቅቻለሁ። ለዚህ ያበቃኝን እግዚአብሔርን አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ቀጥሎም በእነዚያ ሠላሳ ሦስት ቀናት ለእኔ የደከማችሁትን ሁሉ እየዞርኩ ማመስገን ቢገባኝም፣ ጉልበቴ ገና ስላልጠናና የብዙዎቻችሁንም ስም ስለማላውቅ ይህን መልእክት ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በመጀመሪያ የማመሰግነው በዚያች ሌሊት እኔንና ልጄን አሳፍሮ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲያዞረን ያደረውን ባለታክሲ ወጣት ነው። ሦስት ቦታ በር ላይ ደርሰን ኦክስጅን ያለው አልጋ የለም ተብለን ተመልሰናል። ያን ጊዜ አልጋው በእርግጥም እንዳልነበረ ኋላ ስለተረዳሁ ዛሬ በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም። ወጣቱ ግን ሕመሜ ምን እንደሆነ ከሳሌ እያወቀ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ፣ «አባቴ አይዞዎት፣ አንድ ቦታ አናጣም» እያለ እስከ ንጋት አብሮን ቆየ፤ በመጨረሻም ሒሳቡን አልቀበልም ብሎ ሄደ።

በሕክምና ማእከሉ ውስጥ ለረዱኝ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጽዳት ሠራተኞችና የጥበቃ አባላት ያለኝን ምስጋና በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም። ሁሉም ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ተሸፍነው ስለሚገቡ ማን ማን እንደሆነ የምናውቀው በነጩ የመከላከያ ልብስ ደረት ላይ በማርከር በሚጽፉት ስም ነበር፤ በላብ ሲርስ እሱም ይደበዝዛል። በጣቴ ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ 82 በመቶ ብቻ ባሳየችበት ምሽት፣ በሆዴ ተኝቼ እንድተነፍስ ትከሻዬን ደግፋ የገለበጠችኝና እስኪነጋ በየግማሽ ሰዓቱ እየመጣች ያየችኝ ነርስ ስሟ የተጻፈበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። በሁለት ድርብ ጓንት ውስጥ ሆኖም የእጇ ሙቀት ይሰማኝ ነበር።

አጥሚትና ሾርባ በፔርሙዝ እያደረጋችሁ በየዕለቱ በር ድረስ ላመላለሳችሁ ጎረቤቶቼ፣ ወረፋ ይዛችሁ ቤቴን ለጠበቃችሁ የእድራችን አባላት፣ እንዲሁም ከደሴም ከአዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም ሆናችሁ የሕክምናዬን ወጪ ለተካፈላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እግዚአብሔር ውለታዬን ይክፈልልኝ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው በአልጋዬ ላይ ሳለሁ ስለተሸከምኩት ዕዳ ነው።

ሰኞ ሰኔ 28 ቀን ጠዋት፣ ከጎኔ ያለው ሕመምተኛ በስልኩ ሬዲዮ ከፍቶ ሳለ፣ የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በዋዜማው በዚሁ በእኛ ሕመም ማረፋቸው ተነገረ። በአገራችን ልማድ መርዶ የሰማ ሰው ተነሥቶ ያለቅሳል። እኔ ግን ጭምብሉ አፍና አፍንጫዬን ይዞኝ፣ የኦክስጅኑ ፉጨት በጆሮዬ እየጮኸ፣ መነሣት ቀርቶ መቃተትም አልቻልኩም። ጎረቤቴ ሬዲዮኑን ዘጋ፤ ሁለታችንም ጣሪያውን እያየን ዝም አልን።

የተወለድኩት አምባሰል፣ ከግሸን ማርያም ሥር ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለመሳለም የመጡት ወደዚያ ነበር። በዚያ ዓመት ደሴ አስተምር ስለነበር በመንገዱ ዳር ወድቆ የነበረውን ሕዝብ አውቀዋለሁ፤ እኔም እንደ ብዙው መንገደኛ አይቼ ያለፍኩበት ቀን አለ፤ ይህንንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ወይዘሮ አበበች ግን አላለፉም። ለጉዞ የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ በሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን ባዩ ጊዜ ደግሞ እሷንና አንድ ሌላ ልጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ወይ ልጆቹን ወይ ትዳሩን እንዲመርጡ በጠየቋቸው ጊዜ ልጆቹን መርጠው ወጡ፤ የዶሮ ቤት በነበረች ጎጆም ከእነርሱ ጋር ኖሩ።

ይህን ያደረጉት ሀብታም ሆነው አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሸበል አቦ ተወልደው፣ አባታቸውን ገና በጨቅላነታቸው በጣልያን ወረራ አጥተው፣ በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ወደ አዲስ አበባ ጠፍተው የመጡ፣ በእህልና ቡና ድርጅት ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ያቺ ጎጆ ውላ አድራ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ሆነች፤ በአርባ ዓመት ውስጥም ብዙ ሺህ ልጆች አደጉባት። አንዳንድ የውጭ ጋዜጦች የአፍሪካ እናት ቴሬዛ ይሏቸው ነበር። ለእኔ ግን አበበች ጎበና መባሉ ይበቃቸዋል።

ሁለተኛው ዕዳዬ ከዚህ ይቀድማል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ያረፉት ዓመቱ ገና እንደገባ፣ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በዘጠና ዓመታቸው ሲሆን፣ የገደላቸውም ይኸው ሕመም ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ስማር የትምህርት ክፍሉ ምሰሶ እርሳቸው ነበሩ፤ ስለ ኢትዮጵያ መልክዓ ምድር የጻፉት መጽሐፍም እስከ ጡረታዬ ድረስ ከጠረጴዛዬ አልተለየም። በ1966 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሥልጣናትን እንዲመረምር የተቋቋመውን ኮሚሽን በሰብሳቢነት መርተዋል፤ በ1984 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን ከመሠረቱት ዋነኛው ናቸው፤ ከምርጫ 97 በኋላም በስተርጅና ታስረዋል። እኔ ግን አብልጬ የማስታውሳቸው ስለ ረኃብ ባደረጉት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በገጠሩ የደረሰውን ረኃብ መርምረው፣ ነገሩ የዝናብ መጥፋት ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ እህል የሚያመርተው ገበሬ ራሱ ቀድሞ የሚራብበትን ምክንያት ከሚከፍለው፣ ከሚገዛለትና ከተጫነበት ሥርዓት ጋር አያይዘው ገልጸዋል። የአምባሰል ገበሬ ልጅ በመሆኔ ይህ ለእኔ ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ አባቴ በክፉ ቀን የዘር እህሉን ሳይቀር ለምን እንደሸጠ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ለቀብራቸው ልሄድ ልብሴን ለብሼ ነበር። ልጆቼ ዕድሜዬንና የስኳር ሕመሜን እያነሡ፣ ሰው በተሰበሰበበት አትገኝም ብለው በር ላይ ቆመው ለመኑኝ፤ እኔም ቀረሁ። እንዲህ በጥንቃቄ ዘጠኝ ወር ቆይቼ እኔንም ሕመሙ አገኘኝ። አንዲቱ ለተራበው ልጅ ቤቷን የሰጠች፣ አንዱ ገበሬው ለምን እንደሚራብ በጽሑፍ ያስረዳ ሰው፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት መግቢያና መውጫ በአንድ ሕመም ሲሄዱ፣ እኔ ለሁለቱም ልቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ስለዚህ ለእኔ የተደረገልኝን እያመሰገንኩ፣ ለእነርሱ ያልደረስኩትን ልቅሶ በዚሁ መልእክት እንድደርስ እንድትፈቅዱልኝ እለምናለሁ። ለፕሮፌሰሩ ቤተሰብና ለተማሪዎቻቸው፣ እንዲሁም ወይዘሮ አበበች ላሳደጓቸው ልጆች ሁሉ፣ ዘግይቼም ቢሆን እግዚአብሔር ያጽናችሁ እላለሁ።

ዛሬ ነሐሴ 6 ቀን የወይዘሮ አበበች አርባ ነው። «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» ለማለት ፍልሰታ ሲፈታ በሬ ጥላችሁ ልትደግሱልኝ እንዳሰባችሁ ጎረቤቶቼና ተማሪዎቼ ሰምቻለሁ። ፍቅራችሁን በሙሉ ልቤ ተቀብዬ፣ ያዋጣችሁትን ገንዘብ ግን ወይዘሮ አበበች ለተዉት ማኅበር ልጆች እንድታደርሱልኝ እጠይቃለሁ። እኔ ቤት ስትመጡ ቡና አይጠፋም።

በመጨረሻም፣ ስሟ ከልብሷ ላይ የጠፋው የሌሊት ነርስ፣ የስልኬ ባትሪ ባለቀ ጊዜ ልጆቼን በድምፅ እንዳገኛቸው ብለሽ የራስሽን የስልክ መሙያ ሰጥተሽኝ ነበር። ስወጣ በጥድፊያ ከዕቃዬ ጋር ተጠቅልሎ መጥቷል። ባለቤቴ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣልሻለች፤ ይህ መልእክት ከደረሰሽ የማእከሉ በር ጥበቃዎች ቤታችንን ያውቁታል፤ ወይም በየትኛው ተራ እንደምትገቢ ላኪብኝና እኔው ራሴ አመጣልሻለሁ።

ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ አዲስ አበባ